የንግሥት ወርቂቱን ብር የመቱት የአቶ አሻግሬ አምባቸው ሁለተኛ የሕይወት ታሪክ

አቶ አሻግሬ አምባቸው ከአባታቸው ከአቶ አምባቸው አድማሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልታየች ካሳ በ1916 ዓ.ም. በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው በጥር፣ እናታቸው በሰኔ ነው ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ በወሩ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ለትምህርት ሲደርሱ የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም ከአጎታቸው ከአቶ አባተ ዘንድ የአንጥረኝነት ሙያ ተምረው፣ በመስቀልና በጉትቻ ሥራቸው እስከ ከላላና አቀስታ ድረስ ታወቁ።

በ1940 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቂቱ ክንፈ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ለሙሽሪት አንገት ያገኙት አንድ ያረጀ ማርትሬዛ ብር ብቻ ነበር። እርሳቸውም ብሩን በእሳት አግለው፣ ራሳቸው በቀረጹት የብረት ማኅተም ላይ አድርገው በመዶሻ ደግመው መቱት። የወ/ሮ ወርቂቱ ፊት ወጣበት፤ ዙሪያውንም "ወርቂቱ ንግሥተ ቦረና" የሚል ጽሑፍ ከበበው። ማርትሬዛው ላይ የነበረችው የድሮዋ የፈረንጅ ንግሥት ግን ጨርሳ አልጠፋችም፤ ጉንጯና ጸጉሯ ከሥር ብቅ ይል ነበር። ሙሽሪት "ከኔ ሥር የተኛችው ይህች ደግሞ ማን ናት?" ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ።

ከዚያ በኋላ አቶ አሻግሬ ለጎረቤት ሙሽራ ሁሉ ያመጣችውን ማርትሬዛ በዚያው ማኅተም እየመቱ ይሰጡ ጀመር። ገበያ ላይ ግን የሚቀበል ጠፋ። ነጋዴው "እንዲህ የምትባል ንግሥት የለችም" ይላል፤ ባለብሮቹም "ደህናውን ብር አበላሸብን" እያሉ ሲያሟቸው ኖሩ።

በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ጠንቶ ሰው ጌጡን በእህል ሲለውጥ፣ ብር ገዢዎች የንግሥት ወርቂቱን ብር በግማሽ ዋጋ እንኳ አልፈለጉትም። በግንቦት ወር ከእርዳታ ሰዎች ጋር በበቅሎ የመጣ፣ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ፣ ብሩን በጎረቤታቸው በወ/ሮ በለጡ አንገት ላይ አይቶ ደርቆ ቀረ። አስተርጓሚው እንዳስረዱት፣ የትም አገር ያልነበረች ንግሥት ያለችበት፣ ከሥሩም ማርትሬዛ የሚታይበት ብር ለሰብሳቢ ከእውነተኛው እጅግ ይወደዳል። ፈረንጁን ግን አንድ ነገር አሳስቦታል፤ "ሠሪው ካለ ነገ መቶ ይመታል፤ ያኔ ዋጋ የለውም። ሰውዬው አለ?"

አቶ አሻግሬ የፈረንጁን በቅሎ ልጓም ይዘው ቆመው ነበር። ወ/ሮ ወርቂቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይ የኔ ጌታ፣ ከሞተ ዓመቱ" አሉ። አቶ አሻግሬም "ነፍስ ይማር፤ ደግ ሰው ነበር" ሲሉ አከሉበት። ፈረንጁ በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ ስላለ፣ አስተማሪው አቶ ውበቱ የሟቹን የሕይወት ታሪክ እዚያው ጽፈው አነበቡ። መንደሩ አለቀሰ፤ ሟቹ ከሁሉ አብልጠው አለቀሱ። በኋላ ሲጠየቁ "ይህን ያህል ደግ መሆኔን ማን ነግሮኝ?" ብለዋል።

ፈረንጁ የተገኘውን ብር ሁሉ ገዛ፤ በገንዘቡም ከአጅባር እህል ተጭኖ መጣ። ብሩን ሲያሙ ከኖሩት ቤቶች በዚያ ክረምት አንድም ሰው አልሞተም፤ በመንደሩ የሞቱት አቶ አሻግሬ ብቻ ናቸው።

እርሳቸውም ሞታቸውን አከበሩ። "ፈረንጁን አንዴ ዋሽቼዋለሁ፤ ይበቃዋል" ብለው ማኅተሙን ቀጥቅጠው ማጭድ አደረጉት። የደሴ ነጋዴዎች ደጅ ቢጠኗቸውም አንድ እንኳ አልመቱም።

ወ/ሮ ወርቂቱ የራሳቸውን ብር አልሸጡም ነበር። ንጉሡ በወረዱ ጊዜ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የመጡ ዘማች ተማሪዎች አንገታቸው ላይ አይተው "ይህች ንግሥት ከዙፋን አልወረደችም እንዴ?" ቢሏቸው፣ አቶ አሻግሬ "እኔ እንጃ፤ ዛሬ ጧትም እሷው አዝዛኝ ነው የወጣሁት" አሉ።

አቶ አሻግሬ በደረሰባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 1984 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ወ/ሮ ወርቂቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ፣ ወ/ሮ በለጡ "አሁን ደግሞ ማን ሊገዛ መጣ?" አሏቸው። "ዛሬስ ገዢ የለም፣ እታለም" ሲሉ መለሱ።

አቶ አሻግሬ የሁለት ወንዶችና የሦስት ሴቶች ልጆች አባት፣ የአሥራ አንድ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ከእነዚህም ሌላ፣ በመጀመሪያው ሞታቸው እህል ቀምሰው ያደጉ፣ ዛሬ ቃሬዛቸውን ለመሸከም የሚሻሙ ብዙ ልጆች ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደጋጎች ካረፉበት ያሳርፍልን፤ ለወ/ሮ ወርቂቱም መጽናናትን ይስጥልን።