ቃሪያህን ያደረቀውን ደረስኩበት

አዳነ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። የሚያደርስልኝ ፖስተኛ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከማንም ይልቅ ላንተ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለኝ። መሠረተ ትምህርት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅ «ግድ የለሽም ተማሪ» ያልከኝ አንተ ነህና፣ በፊደሌ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የምጽፈውም ላንተ ነው። «ጨ» አሁንም ትጣመምብኛለች፤ ታገሰኝ።

እኛ ደህና ነን። ዝናሽ የፊት ጥርሶቿን ለውጣ ስትስቅ ቁርጥ አንተን መስላለች። የአጥሩን በር በአዲስ እንጨት ሠራሁት። የቀበሌ ስብሰባም በአንተ ቦታ እኔ እሄዳለሁ፤ እንዳንተ ግን ከኋላ ተደብቄ አላንቀላፋም። ማታ በር ስዘጋ አሁንም የምትገባ ይመስለኝና እጄ ትንሽ ይዘገያል። ይኸው ነው፣ ደብቄህ አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ለአርባህ ወንድሜ አያሌው ከዳባት ወርዶ ነበር። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ አስቀምጦኝ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን በዚህ ወባ አገር ምን ትሠራለች፣ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ከኔ ጋር ውጪ አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሰግቶልኝ ነው። እኔ ግን አንተን የሽንፋን አፈር አልብሼ ወደ ደጋ መውጣት አንጀቴ እንቢ አለኝ። በመጨረሻ ጓሮው ካበላን እቀራለሁ፣ ካላበላን እወጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ተመልሶ ሊያየኝ ተስማማን።

ቃል በገባሁ በሳምንቱ ቃሪያህ መድረቅ ጀመረ። ረፋድ ላይ አንዱ እግር ጠውልጎ አገኘሁት። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ከጉድጓዱ እየቀዳሁ አጠጣሁት። በማግስቱ አጠገቡ ያለው ተዝለፈለፈ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ባጠጣሁ ቁጥር የሚብስ ይመስል ነበር። ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻለኛል።

አያሌው ገና ወደ ዳባት አልተመለሰም ነበርና በጎረቤታችን በዘሃራ ፍየሎች ፈረደ። ዘሃራ ወላሂ ፍየሎቼ ታስረው ነው የሚውሉት እያለች በአጥር ላይ ማለች። እሱ ፍርድ ሸንጎ እንክሰሳት ብሎ ተነሳ። ቤታችን ያንተ ለቅሶ ሲገባ ማድጋችንን ስትሞላ የከረመችውን ሴት በዓይኔ ሳላይ አልከስም ብዬ ከበር መለስኩት። አኮረፈኝ፤ እንዳኮረፈ መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ፍየል ቢሆን ቅርንጫፉን ገንጥሎ፣ ቅጠሉን ሸምጥጦ፣ በጠጡንም ጥሎ ይሄድ ነበር። ይሄ ግን ቅጠሉ ሙሉ ነው። ትል ቢሆን ቅጠሉ በተበሳሳ፤ ገልብጬ ባየው ከሥሩም ንጹሕ ነው። ከላይ ምንም ካጣሁ ከታች ነው አልኩና የጠወለገውን ያዝ አድርጌ ብስበው ያለ ሥር እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ ተበልቶ አልቋል፤ ግንዱን ብሰነጥቀው ውስጡ በጭቃ ተሞልቷል። ምስጥ! ምስጥ የቤት ምሰሶ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ እርጥብ ቃሪያ ይነካል ብሎ ግን የደጋ ሰው በምን ጠርጥሮ? ዘሃራን ጠርቼ ባሳያት «አርዳ!» ብላ በዐረብኛዋ ምስጡን በስሙ እየጠራች ስትሰድብልኝ ዋለች።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንተ እያለህ ምስጡ የት ነበር? መልሱን ያገኘሁት ለአርባህ የተጣለው ዳስ ጫፉ ባረፈበት የጓሮው ጥግ ላይ ነው። እዚያ ያለው ቃሪያ አንዱም ሳይነካ ቆሟል። ትዝ ይልሃል፣ በየመደቡ መካከል ደረቅ የማሽላ አገዳ እየጣልክ ስትተወው፣ ጓሮህ የበሬ ማደሪያ መሰለ እያልኩ የምስቅብህ? አንተም ተወው፣ የሚበላው አለ ትለኝ ነበር። እኔ በሬውን የምትል መስሎኝ። ለአርባህ የመጣው ሰው የሐዘንተኛ ቤት ቆሻሻ አይታይበት ብሎ ያን አገዳ ሁሉ ለቅሞ አቃጠለው፤ ዳሱ ሥር የነበረውን ብቻ ሳያየው ቀረ። ያን አገዳ ባነሳው ከሥሩ ምስጡ ነጭ ሆኖ ይርመሰመሳል፤ ደረቁን እየበላ እርጥቡን ትቶታል። ለካስ አንተ ቀለባቸውን እየሰጠህ ነበር የምታኖራቸው! ሰዎቹ ደግሞ በፍቅር ጠርገው ጦም አሳደሯቸው።

በዚህም አላመንኩ። በሁለት መደብ መካከል አገዳ አልብሼ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ባዶ ተውኳቸው። ባዶዎቹ አለቁ፤ የለበሱት ቆሙ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኛል። ከዘሃራ ማሳ አገዳ በሸክም አመጣሁ፣ አለበስኩ፣ የሞተውን ነቅዬ በየካቲት አዲስ ተከልኩ፣ ባሚያም ጨመርኩበት። ሰው ሲያልፍ ይቺ ሴትዮ ግቢዋን ጣለችው፣ ሐዘኑ ጎድቷታል ሲል እሰማለሁ። ይበል። ለእያንዳንዱ ሳስረዳ ውሃዬ አይቀዳልኝም።

አያሌው ትናንት መጣ፣ በዝናብ ደጃፍ። ዕቃዬን ሊጭንበት ጆንያና ገመድ ይዞ ነው የመጣው፣ ይህ ሰው እምነት የለውም። በቀጥታ ጓሮ አስገባሁት። ሙቀቱ የቃሪያውን አበባ ቢያራግፈውም የያዘው ይዟል፤ ባሚያው ደግሞ ቁመቱ እሱን ይበልጣል። ዞረ፣ ነካካ፣ አገዳውን በእግሩ ገልበጥ አድርጎ አየ። ከዚያ ወደ ዘሃራ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት፤ እኔ አላልኩትም፣ ራሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጆንያውን ባሚያና ቃሪያ ሞልቼ፣ በራሱ ገመድ አስሬ፣ ትከሻው ላይ አወጣሁለት። መኪናው ኮረብታውን እስኪዞር ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ ወደ ቤታችን ገባሁ።

አዳነ፣ አልረሳህም። ይህን የምልህ ሐዘን ስላለብኝ ብቻ አይደለም፤ ሥራህን እየሠራሁ አንተን መርሳት አይቻለኝም። ለዝናሽም የትኛው ንክሻ የማን ጥርስ እንደሆነ፣ የትኛው ቅጠል በምን እንደሚሞት አሳያታለሁ፤ ይህን ያወቅሁት ካባትሽ ነው እላታለሁ። ነፍስህን ይማርልኝ። እኔ እዚሁ ነኝ።

ባለቤትህ፣
ትርንጎ