ወደ ዐለቱ አናት የወጣችው ቧንቧ

ለወረዳችን ምክር ቤት የእግር መንገዶችና መናፈሻዎች ክፍል ኃላፊ፣
ለተከበሩ አቶ ኮሊን ብራድዌል፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ ወገብዎ ቀንቶ፣ ምሳዎም ተስማምቶዎት ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወንድሜ ፓኦራ ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልዎም ስለ እሱ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በጫካችን ውስጥ ዞሮ ወደ መግቢያው በር የሚመለሰውን አጭር መንገድ ጠጠር አልብሰውልናል። በፑሪሪ ዛፎቹ ሥር ጭቃ የለም፤ ቶካማራማ ዐለት ላይ የወጣ እንግዳም ባሕሩን ያለ ስጋት ያያል። ከዐለቱ ሥር ባለው ስንጥቅ የአያቶቻችን አጥንት እንዳረፈ ለሠራተኞችዎ በቃሌ ነግሬ ነበር። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ፤ በጣም ትሑት ልጆች ናቸው።

አንደኛ፣ ዐለቱ ላይ ስላስቀመጡት የምሳ ጠረጴዛ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኛ የዚህ ምድር ቀደምት ልጆች፣ ማኦሪዎች፣ ሙታን ባረፉበት አንበላም። እርስዎ ግን ሙታኑ እንዳይከፋቸው አስበው የተጠበሰ ዓሣና ድንች ሽታ በየቀኑ እንዲደርሳቸው አድርገዋል።

ሁለተኛ፣ በሩ አጠገብ ስለነበረችው ቧንቧ ነው። ከሙታን ዘንድ የወረደ ሰው እጁን ሳይታጠብ፣ ራሱም ላይ ውሃ ሳይረጭ ቤት አይገባም፤ ምግብም አይቀምስም። እርስዎ ይህችን ቧንቧ ነቅለው፣ በልተው የጠገቡ ሰዎች ሳህን እንዲያጥቡባት ወደ ጠረጴዛው አወጧት። ቢሮዎ ሄጄ ስጠይቅ አንዲት ፈገግተኛ ወጣት፣ «እማማ፣ ውሃ እኮ ያው ውሃ ነው፤ እዚያው ላይ ታጥባችሁ ውረዱ» አለችኝ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ እግር መታጠብ እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛውን በትሕትና መጻፍ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ፓኦራ በየክረምቱ፣ ማታሪኪ የምንላቸው ከዋክብት ሲወጡ፣ ዐለቱ ላይ ቆሞ በዓመቱ የሞቱብንን ሰዎች ስም ይጠራል። ባለፈው ክረምት ጠርቶ ሲወርድ በሩ ላይ ውሃ አጣ። «ና፣ ቤት ትታጠባለህ» ብዬ ብጠራው፣ «አንቺ፣ ሙታኑን እስከ ምድጃሽ ልሸኛቸው ነው?» ብሎ ሳቀብኝና ወደ ወንዙ ወረደ። ድንጋዩ አዳለጠው፤ የዳሌው አጥንት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነው።

በበጋው ደግሞ ሚስቱ ሁሃና አረፈች። በዚህ ክረምት የሚጠራው የእሷ ስም ነው። የሌላው ወንድማችን ልጆች በወንበር ተሸክመው ሊያወጡት ተስማምተዋል፤ እሱ ግን መመለሻዬ ላይ ውሃ ከሌለ አልወጣም ብሏል። ማታ ማታ፣ «ቧንቧዋ ወረደች?» ይለኛል። «ገና ናት» እለዋለሁ። «ታዲያ ጻፊላቸዋ! ፊደል የቆጠርሽው የመድኃኒቴን ብልቃጥ ለማንበብ ብቻ ነው?» ይለኛል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ የሁሃናን ስም ሲያነሣ ግን አልሰማሁትም። ለዐለቱ አስቀምጦታል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጠረጴዛዎን ይወዱት ይሆናል፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። ቧንቧዋን ግን ከዋክብቱ ከመውጣታቸው በፊት ወደ በሩ ይመልሱልን። ያወጧት ሰዎች መንገዱን ያውቁታል፤ ጠጠር ለብሷል።

ጠጠርዎን በምስጋና የምረግጥ፣ ለሳህኖችዎ ንጽሕና ዘወትር የምጸልይ፣ ታዛዥዎ
ሜሬአና ፓራቴኔ

ማስታወሻ፦ በሩ ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ባንጠለጠልሁ ቁጥር ሠራተኞችዎ ቆሻሻ ነው ብለው ያነሡታል፤ ስለ ትጋታቸው ያመስግኑልኝ። ከነገ ጀምሮ፣ «ቆሻሻ አይደለም፤ ከዐለቱ የሚወርዱ ሰዎች መታጠቢያ ነው» ብዬ በእጄ እጽፍበታለሁ። እኔ ማንበብ የተማርሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ የእርስዎ ሠራተኞች ግን በልጅነታቸው እንደ ተማሩ ሰምቻለሁ።