«በጸሎት ላይ» የሚባል የጋብቻ ሁኔታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2006

መገናኛ ባለው ቢሮዬ ዋልኩ። መብራት ሁለቴ ሄደ። የቤተ ክርስቲያናችንን የአባላት መመዝገቢያ ሲስተም ጨረስኩ... መሰለኝ። ሽማግሌው ጋሽ ኢታና ለጋብቻ ሁኔታ አራት ምርጫ ብቻ ሰጡኝ፦ ያላገባ፣ የታጨ፣ ያገባ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተበት። «የፈታስ?» ብላቸው «እኛ ጋ ፍቺ የለም!» አሉ። አለ እኮ... መዘምራን ውስጥ ብቻ ሁለት አውቃለሁ።

ማታ ሣራ ደወለች። ለፋሲካ «ላግባሽ» ካልኳት ጀምሮ መልሷ ያው ነው። «ጌድዬ፣ በጸሎት ላይ ነኝ።» ጌታስ አልሰለቸውም?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ጉድ ሆንኩ! ሽማግሌዎቹ ፊት ሪፖርቱን በፕሮጀክተር ከፈትኩ። ያላገባ... ያገባ... ከዚያ «በጸሎት ላይ»። ግማሹ ወጣት! አንዱ ጋ ደግሞ «ጌታ ያውቃል» ይላል። ጸሐፊዋ ጵርስቅላ ሰዉ የነገራትን ኤክሴል ላይ ጽፋ ኖሯል፤ እኔም በኮድ እንዳለ ሲስተሙ ላይ ጫንኩት። ጋሽ ኢታና መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ትዳር ነው?» አሉኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጥፋቱ የኔው ነው። አራቱን ምርጫዎች ኮዱ ውስጥ ስዘረዝር፣ ሲስተሙን የሠራሁበት ፍሬምወርክ ሌላውን ሁሉ አልቀበልም የሚል መስሎኝ... ለካ የሚፈትሸው በፎርም ሲሞላ ነው እንጂ ከኮድ ቀጥታ ሴቭ ሲደረግ ዞር ብሎም አያይም! በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ አጥር ግን የለም። ሴቭ ከመደረጉ በፊት እንዲፈትሽ አደረግኩ። ከአራቱ ውጪ አሁን ወይ ፍንክች!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ጵርስቅላ «በጸሎት ላይ» ያሉትን እየደወለች «ከአራቱ ምረጡ» ስትል ሰነበተች። ጓደኛዬ ቤኪ እንኳ ጨንቆት የሚወዳትን ልጅ «ላግባሽ» አላት፤ እሺ አለችው። ቤኪ! የልብ ልብ ተሰማኝ። ሣራም «በጸሎት ላይ» ካሉት ናትና የሷን እኔው እጠይቃለሁ አልኩ። ነገ እንጦጦ እንወጣለን።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ባሕር ዛፍ ስር ተቀመጥን። «ሣርዬ፣ ወይ የታጨ ወይ ያላገባ። ሌላ አይቀበልም» አልኳት እየሳቅኩ። አልሳቀችም።

«ማነው የማይቀበለው? ሲስተሙ ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ።» ምን አስቸኮለኝ!

የወደቀ ቅጠል አንስታ ቀደደችው። ከዚያ «እንግዲያው ያላገባ በል» አለች። «መልሱንማ ከፋሲካ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጌድዬ። የምጸልየው እንዴት እንደምነግርህ ነበር።»

በታክሲ ተመለስን። ሰፈሯ ፈረንሳይ ስትወርድ «ይቅርታ» አለች። ምን ይባላል? «ምንም አይደል» አልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጵርስቅላ ደወለች። «የሣራስ?» ነገርኳት። «ያንተስ? ያንተም እኮ ገና ነው።»

«የታጨ» እላለሁ ብዬ ነበር ሳልሞላው የቆየሁት። «ያላገባ» ብዬ ሴቭ አደረግኩ። ሲስተሙ ምንም ሳያንገራግር ተቀበለው። እኔ ግን የቢሮው ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።