ነገ ሞተሩን እንዳትነዳው

ኦድቫር፣

ሞተርህን አጥቤልሃለሁ። ከጎማው ሥር የወጣው፣ ክረምቱን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የተበተነው ጨው አንድ ሙሉ ዓሣ ነባሪ ያጣፍጣል።

ግን ነገ እንዳትነዳው።

«ደግሞ ጀመረው» እንደምትል አውቃለሁ። ይሄ ቀልድ አይደለም። መቀመጫውን የምንወለውልበትን ቅባት የፊት ጎማውንና የፍሬን ዲስኩን ቀባሁት። እህቴ ስትደውል ጨርቁ በእጄ ነበር። እሷ ታወራለች፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ እጄ ዝም ብሎ ይወለውላል። ስልኩን ስዘጋ ሁሉም ያብረቀርቃል።

በሳሙና አጠብኩት፤ ግን ፍሬኑ ይይዛል ብዬ አላመንኩትም። ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ጥረገው፣ የፍሬን ሸራዎቹን ቀይራቸው፣ ጎማውን በሙቅ ውሃ ፈትገው። ጓደኞችህ የፀደዩን የመጀመሪያ ጉዞ ያላንተ ይሂዱ። ቢስቁብህ ይሳቁ፤ ያ ከባሕሩ በላይ፣ በፊዮርዱ ገደል አፋፍ ያለው መታጠፊያ ግን ቀልድ አያውቅም።

እንደማታምነኝ ስለማውቅ ቁልፉን ይዤው ሄጃለሁ።

ድስቱ ውስጥ የዓሣ ሾርባ አለ።

አምና ሳህን ላለማጠብ ብዬ «አባቴ ሞተ» አልኩህ። አንተም ሦስት ቀን ሙሉ የኔን ተራ አጠብክልኝ። በአራተኛው ቀን አባቴ ራሱ ደውሎ «እንዴት ናችሁ ልጆች?» ሲልህ፣ «አንተ ቀጣፊ፣ እውነት የሆነ ዕለት ማን ያምንሃል?» ብለህ አንድ ወር ዘጋኸኝ። አንድ ወር ግን በዛ፣ ኦድቫር።

አምና በውሸት ያልኩህን ያንኑ ቃል ዛሬ በእውነት የነገረችኝ እህቴ ናት። በከሰዓቱ ጀልባ ወደ ቦዶ ከተማ፣ ወደ ቤተሰቦቼ ሄጃለሁ። መቼ እንደምመለስ አላውቅም።

ሳህኖቹን ሁሉ አጥቤያቸዋለሁ።

ስታይን