ሰባት ምስክሮች ለአንድ ሪሲቨር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬም ታክሲ የለም። እስከ አስፋልቱ ወጥቼ አየሁ። ተቃዋሚዎች የደረደሩት ድንጋይ መንገዱ ላይ እንዳለ ነው፤ ከተቃጠለው ጎማ የቀረው ሽቦው ብቻ ነው። አንድ ሚኒባስ ዳር ይዞ ቆሞ ነበር። ረዳቱ «አስኮ ድረስ እንኳ አንሄድም፣ ይልቅ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። ገባሁ።

ቢሮ ደወልኩ። አለቃዬ አቶ መኩሪያ «ቡራዩና ሰበታ የሚኖር ሁሉ ቀርቷል፣ ተረጋጊ» አሉኝ። እኔስ ተረጋግቻለሁ። የማያስቀምጠኝ ዓርብ ነው፤ ዓርብ የቶሎሳ ቀነ ገደብ ያልቃል።

ፋይሉ ቢሮ ስለሆነ በጭንቅላቴ ያለውን እዚህ ላስፍረው። ቶሎሳ ሰበታ ውስጥ ቀን ዲሽ የሚጠግን፣ ማታ ኳስ የሚያሳይ ሰው ነው። ደንበኞቹ ምስሉን ከዲሽ ይፈልጋሉ፣ ወሬውን ደግሞ ከኤፍኤም ሬዲዮ፤ እንግሊዝኛውን ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል! ችግሩ፣ ሬዲዮው ይቀድማል። ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ሳለ ጋዜጠኛው «ጎል!» ብሎ ይጮሃል፣ ቤቱ በእግሩ ይቆማል፣ ጎሉ በምስል ሲገባ የሚደሰት ሰው የለም። የቶሎሳ ሪሲቨር የሬዲዮውን ድምፅ ይዞ ያቆየዋል፤ ምስሉ ሲደርስ ይለቀዋል።

ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ይሰጠኝ ያለው በሁለት ነጥብ ነው። አንደኛው፣ ከተለያየ ጣቢያ የመጡ ሁለት ስርጭቶችን የጋራ የሰዓት ምልክት ሳይኖራቸው፣ ቀዳሚውን አቆይቶ ማገናኘት። ሁለተኛው፣ ምን ያህል ማቆየት እንዳለበት የሪሲቨሩ ሳጥን ራሱ ማወቁ። ጋዜጠኛው ስቱዲዮ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶ ስለሚያወራ ከጀርባው የሜዳው ጩኸት ይሰማል፤ ሳጥኑ ያንን ጩኸት ከዲሹ ጩኸት ጋር እያስተያየ ልዩነቱን ያገኛል።

በፓተንት መርማሪነት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የሚወድቀው አብዛኛው የውጭ ኩባንያ ነው። የአገር ሰው ከመጣ ወይ ምድጃ ነው፣ ወይ የጤፍ መዝሪያ። እንዲህ ያለ ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት የምስል ስርጭቶችን የሚያገናኝ የአንድ የእስያ ኩባንያ ሰነድ ያገኘሁ ዕለት ውድቅ ብዬ ልጽፍበት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን የእነሱ የሚሠራው አሰራጩ ራሱ በሁለቱም ላይ ሰዓት ካተመ ብቻ ነው። የቶሎሳ ሳጥን ማንንም አይለምንም። ይለፍልኝ ብያለሁ። መርማሪ እንዲህ አይልም፣ ግን ብያለሁ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሪሲቨሩ መሥራቱን የሚያስረዳ ነገር እስከ ዓርብ እንዲያቀርብ ጽፌለታለሁ። የሙከራ ውጤት፣ የውስጡን ሽቦ የሚያሳይ የመስመር ሥዕል፣ እንደዚህ ያለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ቤት ውስጥ ያለ፦ ሽሮ፣ ትንሽ ሩዝ፣ ግማሽ ጠርሙስ ዘይት። የሌለ፦ ሻማ፣ የሞባይል ካርድ፣ ትዕግሥት።

ረፋዱ ላይ ከወደ ላይ ተኩስ ተሰማ። ብዙ አልቆየም። ከዚያ ግቢው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ። እንዲህ መልመዴ ራሱ ደስ አይልም።

ቶሎሳ ደወለ። ድምፁ ሠርግ ቤት ያለ ሰው ድምፅ ነው። እነሱም ጋ መንገድ ተዘግቷል፣ ቀበሌውም ተዘግቷል፣ «ግን አያስቡ፣ ማስረጃውን ጨርሻለሁ» አለኝ። ምን አዘጋጁ አልኩት። የእድሩን ሽማግሌዎች አስፈርሟል። ሰባት ሰው፣ የእድሩ ማህተም ያረፈበት። «ይህ ዕቃ የቶሎሳ የእጁ ሥራ ነው፣ እኛም ከሦስት ዓመት ጀምሮ በዚሁ ዕቃ ኳስ ስናይ ኖረናል ብለው መስክረዋል!» አለኝ።

እጄ አረፋ እንደያዘ ቆሜ ቀረሁ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሕዝብ ያየውና የተገለገለበት ነገር አዲስ አይደለም፤ ያሳየው ባለቤቱ ራሱም ቢሆን። ለባለቤቱ የአንድ ዓመት ምሕረት አለ፣ ከዚያ በላይ የለም። እሱ ያመለከተው አምና ግንቦት ነው። ሰባት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ አውቀው ሳይሆን ወደውት፣ ዕቃው ከዚያ በፊት የአደባባይ ዕቃ እንደነበር በፊርማ አረጋግጠውበታል።

«ምስክር እንኳ አልጠየቅንም፤ የሙከራ ውጤቱ ይበቃል» አልኩት። ከዚህ በላይ ማለት አልችልም፤ አመልካችን እንዲህ በል፣ ይህን ደብቅ ማለት ከሥራ ያስባርራል። እሱ ግን ሳቀ። «ይኑር፤ ምስክር በዝቶ የተጎዳ ሰው የለም!»

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

አከራዬ አዴ ጫልቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» እንቅልፍ ነው አልኳቸው። ወተት ይዘውልኝ መጥተዋል። ተቀምጠው ስለ መሬታቸው አወሩ። ሰሞኑን ሌላ ወሬ የላቸውም፤ ማን አለውና። አፋን ኦሮሞውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ ይናገራሉ፤ በመካከሉ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የሚባለው «ማስተር ፕላኑ» የሚለው ቃል ሲመጣ ድምፃቸው ይቀንሳል። ወደ ገፈርሳ በኩል የቀረቻቸው አንዲት ቁራጭ መሬት ናት። ወረቀት የላትም።

«አንቱ ምን አስበዋል?» አልኳቸው። «ምን አስባለሁ። ድንበሩን የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉኝ። ባሌ ሲያርስ ያዩ፣ የባሌ አባት ሲያርስ ያዩ። ይህን ያህል ሰው ያየውን ነገር እንዴት ያንቺ አይደለም ይሉኛል?»

እኔ ያለሁባት ክፍልም የተሠራችው ከእሳቸው እርሻ በተሸነሸነ ቦታ ላይ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ቶሎሳ ሞኝ አይደለም። እዚህ አገር የአንድ ነገር ባለቤት መሆንህ የሚታወቀው ሰው ስላየህ ነው፤ ብዙ ሰው ካየህ ብዙ ያንተ ነው። የእኔ ሕግ ደግሞ ማንም ሳያይህ ና ይላል። ይህን ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም። ደብዳቤዬ ላይ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደምፈልግ አንድ መስመር ብጨምር ምን ነበር። ተናድጃለሁ፤ በራሴም፣ በሰውዬውም።

አቶ መኩሪያ ዘንድ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «የስልክ ወሬ ማስረጃ አይደለም። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ከገባ እናየዋለን። እስከዚያ ዝም አይነቅዝም» አሉ። መንገድ የተዘጋበት አመልካች ካለ ቀነ ገደቡን በደብዳቤ ማራዘም እንደሚቻልም አስታወሱኝ።

ስለዚህ ዛሬ የምመኘው ይህን ነው፦ የቡራዩ መንገድ እንዲከፈት፣ የሰበታው እንደተዘጋ እንዲቆይ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ምኞቴ ግማሹ ሰመረ፤ የእኛው መንገድ ተከፈተ። ማለቴ፣ ለእግረኛ። አስኮ ድረስ በእግር፣ ከዚያ ታክሲ። መንገድ ዳር ፖሊሶች ተማሪዎችን በረድፍ አስቀምጠዋቸዋል፤ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ማንም ቀና ብሎ አላየንም፣ እኛም አልቆምንም።

ቢሮ እንደገባሁ የማራዘሚያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። አጭርና ንጹሕ፤ «በመንገድ መዘጋት ምክንያት»። ከዚህ ጋር ሁለተኛ ገጽ አያያዝኩ፦ የሚፈለገው የሙከራ ውጤትና የመስመር ሥዕል ነው፣ ለሁሉም አመልካች የምንልከው ማብራሪያም ይኸውና። ሕጋዊ ነው። አቶ መኩሪያ አንብበው ፈረሙ። ከምሳ በፊት ድል አደረግሁ ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆሟል።

ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ። ከሰበታ እስከ ካራ ቆሬ በእግሩ መጥቶ ነው። ስልክ ላይ ካለው ድምፁ ይልቅ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ሄዶ ወረቀቱን ገቢ አድርጎ፣ ማህተም አስመትቶ፣ ቅጂውን ለእኔ ሊያሳየኝ ነው የመጣው። «ነገ መንገዱ ቢዘጋስ ብዬ፤ ሰው ደክሞልኝ በእኔ ስንፍና እንዳይቀር» አለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አነበብኩት። ጽሑፉ ያምራል፤ ቃሉ የታረመ፣ ቀኑ የተሟላ፣ ሰባቱም ፊርማ በየስሙ ትይዩ። ሁለቱ በአውራ ጣት። እንዴት ነው አለኝ። «በደንብ የተጻፈ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው።

ካራ ቆሬ የሚያውቀው ሰው ዘንድ እንደሚያድር ነገረኝ። ለነገ ጠዋት ቀጠርኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ቃለ ምልልሱ በአቶ መኩሪያ ቢሮ ሆነ። መጀመሪያ ምሥክርነቱ ምን እንዳደረገበት ነገርኩት። ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ጊዜ ስናገር ገባው። ፊቱ ላይ ያየሁትን መጻፍ አልፈልግም። «እነዚህ ሰዎች ናቸው የወሰዱብኝ?» አለ። እነሱ አይደሉም፣ ሦስቱ ዓመት ነው አልኩት። አንደኛው ነጥብ በዚያው አለቀ።

ሁለተኛው ቀረ። ያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ራሱ የሚያስተካክለው ክፍል ከአንድ ዓመቱ ምሕረት በፊት በሕዝብ ፊት ከሠራ አብሮ ይሞታል። ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ ምንም አልጻፉም። ቶሎሳ ደግሞ ሁሉም ነገር ካረጀ ይከበራል ብሎ የመጣ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ አዲስ የሆነ ይከበራል መባሉን ሰምቷል። ወደየትኛው እንደሚያዘነብል አላውቅም፤ ቢዋሽስ እንዴት አውቃለሁ? አቶ መኩሪያ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ጥያቄዬን እንደ ማንኛውም ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ሳጥኑ ራሱን ማስተካከል የጀመረው መቼ ነው?

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ «አሁን ቅርብ ነው ብል የሚያምነኝ የለም፤ ስለጠቀመኝ ያልኩት ይመስላል» አለ።

የሆነውን ይናገሩ አሉት አቶ መኩሪያ።

ከሁለት ዓመት በላይ የማቆያውን ቁልፍ በእጁ ሲያዞር የኖረው እሱ ነው። ጆሮውን ሬዲዮው ላይ፣ ዓይኑን ምስሉ ላይ ሰክቶ። አንድም ጨዋታ በደስታ አይቶ አያውቅም። አምና ከሁዳዴ ጾም በፊት ነው ሰልችቶት ራሱ የሚያስተካክለውን የሠራው። ለማንም አልተናገረም፤ ያፍር ነበር። ደንበኛው «ቶሎሳ እጁ ወርቅ ነው» እያለ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማዞሩን ሳይተው፣ ምንም የማያደርገውን ቁልፍ እያዞረ ይቀመጥ ነበር። አቶ መኩሪያ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ቶሎሳ ራሱ መጨረሻ ላይ ፈገግ አለ።

የመሣሪያውን ክፍል የገዛበት ደረሰኝ አለው ወይ አልኩት። አለ። ቀኑን በስልክ ከሱቁ አስነበበ፤ አምና ጥር። ምሕረቱ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱን ከሙከራ ውጤቱ ጋር ያቀርባል። እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ያዩት ቁልፉን ነው፣ ሳጥኑ ሲያስብ ያየ የለም።

ደስ ብሎኛል። ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ቀኑን ሙሉ የሪፖርቱን ረቂቅ ስጽፍ ዋልኩ። አንደኛው ነጥብ፣ ውድቅ። ሁለተኛው፣ ተስተካክሎ ከቀረበ ሊሰጥ የሚችል። ይህን ያህል ነው። በሰው አንደበት ሲሆን ግን ይከብዳል፦ ያን ያህል ጊዜ በእጁ የሠራበት የማንም ነው፣ እጁን ከማዞር ያሳረፈለት ብቻ የእሱ ነው። ማንም ሰው በእጅ የሚዞር ቁልፍ አድርጎ የቶሎሳን የመጀመሪያ ሥራ ከነገ ጀምሮ ገበያ ሊያወጣው ይችላል። ቶሎሳም ሊከሰው አይችልም።

አዴ ጫልቱ የምጽፈው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ አንድ ሰው ሥራ ነው አልኳቸው። ምስክር አለው ወይ አሉኝ። አለው፣ ሰባት አልኩ። «እንግዲያውስ ምን ያስጨንቅሻል!» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። አላስረዳኋቸውም። በዚህ ሰሞን ምስክር ዋጋ የማያወጣበት ቦታ አለ ብዬ ለእሳቸው የምነግር እኔ አይደለሁም።

አመሻሹ ላይ ቶሎሳ ደወለ። ሰበታ በሰላም ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ሱቁ ድረስ መጥተው ጠብቀውታል፤ ሰባቱም፣ ሁለቱ በከዘራ። «ተሳካ ወይ?» አሉት። እሱ ደግሞ አዎ፣ በእናንተ ምሥክርነት ተፈቀደልኝ አላቸው። ጉልበታቸውን ሳመ፣ እነሱም መርቀውት ሄዱ።

«ምነው እንዲህ አሉ፣ አቶ ቶሎሳ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበላቸው? በእናንተ ጠፋ ልበላቸው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሁለተኛው መቼም አይቀርም፣ አይደል?»

አቶ መኩሪያ ሪፖርቱን ገና አላዩትም። ከእሳቸው በላይም ፈራሚ አለ። አይቀርም አላልኩትም። ይቀራልም አላልኩትም። ሰኞ ታክሲ ካለ ገና በጠዋቱ ይዤው እገባለሁ፣ ከሌለም በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት።