«አጥፋው» ስለሚለው ቃል፣ ለሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ፍስሃየ
የኮፐር ዊሎው ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የእርስዎን ጤና፣ የጉልበትዎን ሕመም፣ የባለቤትዎን የደም ግፊትና የግቢዎን ሣር ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኛ ቤት ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍልዎት ሌሎቹ አራት የቦርድ አባላት እንዳያነቡት ብዬ ሳይሆን፣ ቋንቋውን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ በየቅዳሜው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔንና ወንድሜን ፊደል አስቆጥረውናል፤ አሥመራ ተማሪ ሳሉ በአማርኛ ድርሰት አንደኛ ይወጡ እንደነበረም አጫውተውናል። በጽሑፌ ላይ ስህተት ካገኙ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ። እኔም ዛሬ አንድ ቃል ላርምልዎት ነው የተነሳሁት።

ለማያውቁን አንባቢዎች፦ ስሜ ኤቢ ይባላል፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ንዋይ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ተለማማጅ ነበር። ባለፈው ኖቬምበር ማኅበሩ የቀጠረው የጥበቃ ሠራተኛ በገዛ ደጃፋችን አራት ጥይት ተኩሶ ገደለው። በእጁ ይዞት የነበረው የቮልት መለኪያ ነው። ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። በኦክቶበር መጀመሪያ በእርስዎ ፊርማ የደረሰን ደብዳቤ፣ በፊት ግቢያችን ካሉት ስድስት መብራቶች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብልጭ ድርግም እያሉ የሰፈሩን ሰላም ስለሚነሱ በአስቸኳይ እንዲሠሩ ያዝዛል። አባቴ ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ ውሎ መጥቶ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ለንዋይ አቀበለው። «የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ ትል የለ? በል እንግዲህ የሰፈሩን ሰላም መልስ» አለው። ንዋይ ሳቀ። እርስዎ ሰላምን ምን ያህል እንደሚወዱ ያን ጊዜ ገና አልገባንም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ብልሽቱ። ንዋይ ጥሩ አምፖል ከአንደኛው መብራት ነቅሎ አምስተኛው ላይ ሲገጥመው እሱም ብልጭ ድርግም አለ፤ ስለዚህ አምፖሉ ጥፋት የለበትም። ጋራዥ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር አሥራ ሁለት ቮልቱን በትክክል ያወጣል። እስከ አራተኛው መብራት ድረስ መለኪያው ንቅንቅ አላለም፤ አምስተኛው ላይ ግን ሰባት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ እያለ ይዘልላል። ብልሽቱ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል፣ የማኅበሩ ሣር ከግቢያችን ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነበር። በኋላ ራሴ ቆፍሬ እንዳየሁት፣ ማኅበሩ የቀጠረው ሣር አጫጅ የጠርዝ መቁረጫውን ምላጭ ገመዱ ላይ አሳርፎበታል፤ መዳቡ ግማሽ በግማሽ ተቆርጦ፣ ውሃ ገብቶበት፣ አረንጓዴ ሆኗል። በራስዎ ጥፋት እኛን ስላስጠነቀቁን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ቃሉ። ለክረምቱ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰበት ሳምንት ስለነበረ እራት ሳይቀርብ መሸ። ንዋይ አምስተኛው መብራት አጠገብ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ እኔ ጋራዥ ውስጥ ትራንስፎርመሩ ጋ ቆሜያለሁ። የእኔ ሥራ አብራ ሲለኝ ማብራት፣ አጥፋ ሲለኝ ማጥፋት ብቻ ነበር። ገመዱን ለመቁረጥ መብራቱ መጥፋት ነበረበት። አሥራ ሁለት ቮልት ሰው እንደማይገድል፣ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ግን ትራንስፎርመሩን እንደሚያቃጥሉት ነግሮኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ቮልቱ አልገደለውም።

ሦስት ጊዜ ተጣራ። መጀመሪያ በቀስታ «ኤቢ፣ አጥፋው» አለ። ቀጥሎ «አጥፋው እንጂ! ጆሮህን ለማን አከራየኸው?» አለ። ሦስተኛውን ጮኸ፤ «አጥፋው!» ያን ጊዜ አጠፋሁት። ግቢው ጨለመ፣ ጥይቱም ተከታትሎ ተተኮሰ። አንዱ አምስተኛውን መብራት ሰበረ፣ ሁለቱ ደረቱን፣ አንዱ አንገቱን መታው። ሮጬ ደርሼ እጄን አንገቱ ላይ ጫንኩ። ደሙ ሙቅ ነበር፤ በጣቶቼ መሀል እየገፋኝ ይወጣል፣ ጠጠሩ ላይ ሲወርድ ድምፅ ነበረው። ዓይኖቹ እኔን ያዩ ነበር። ጥበቃው ሽጉጡን ወደ እኔ አዙሮ እጅህን አንሳ አለኝ። እጄን አነሳሁ። ንዋይ የሞተው እጄ አየር ላይ እያለ ነው።

የጎረቤታችን የወይዘሮ ብዙዬ የበር ካሜራ ድምፁን ቀድቶት ስለነበረ ቦርዱ ትርጉም ፈለገ፤ ከአምስቱ አባላት አማርኛ የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። «አጥፋው፦ ግደለው፤ ደምስሰው» ብለው በሚያምረው እጅ ጽሑፍዎ ፈርመዋል። በዚህም መሠረት ወንድሜ ለግብረ አበሩ የግድያ ትእዛዝ ሲሰጥ ጥበቃው ሰምቶ ራሱን ተከላከለ ተባለ፤ ሰውዬውም ወደ ሥራው ተመልሶ በየምሽቱ በደጃችን ያልፋል። አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቅ ሰው በአማርኛ ፈርቶ እንደነበረ በትርጉምዎ ስላረጋገጡለት ችሎታዎን አደንቃለሁ።

ብቻ አንድ ነገር ላስታውስዎት። ቅዳሜ ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ደረጃውን ሲወጡ፣ እርስዎ ቁልፉን ይዘው በር ላይ ይቆሙና ማብሪያው አጠገብ ወደሚቀመጠው ልጅ ዞር ብለው «ንዋይ፣ አጥፋው» ይሉት ነበር። ሦስት ዓመት፣ በየቅዳሜው። ማንንም አልገደለም። አጥፍቶት «እሺ ጋሼ» ብሎ ይወጣ ነበር።

አራተኛ፦ ወንድሜ በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ደረሰን፤ መብራቶቹ አሁንም ብልጭ ድርግም ይላሉ ይላል፣ ከታች የእርስዎ ፊርማ አለበት። የዚያን ቀን ማታ ከአባቴ ጋራዥ አካፋ አንስቼ የቀሩትን አምስት መብራቶች ሰባበርኩ። መስታወቱ እግሬን ቆረጠኝ፣ አልቆምኩም። አካፋውን እንደያዝኩ እርስዎ ቤት ድረስ መጣሁ። የፊት መስኮትዎ አሥራ አንድ መስታወት አለው፣ ቆጥሬዋለሁ። የትኛውን አስቀድሜ እንደምመታ፣ ከመስታወቱ በኋላም ምን እንደምመታ አስቤ ጨርሼ ነበር። በረንዳዎ ላይ ያለው መብራት ሰው ሲጠጋው በራሱ ስለሚበራ በራብኝና እጄ ላይ ያለውን አየሁ። አካፋ የያዘ ልጅ በሰው ደጃፍ። በዚህ ሰፈር ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይሞታል፤ እናቴ ደግሞ የቀራት አንድ ልጅ ነው። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መብራትዎ ግን አንዴም ብልጭ ድርግም አላለም፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

በማግስቱ ሥራውን ጨረስኩ። የተቆረጠውን ገመድ አውጥቼ አዲስ ቀጠልኩ፣ ውሃ በማያስገባ መገጣጠሚያ አሰርኩት፣ የተሰበሩትንም በአዲስ ተካሁ። ጋራዥ ውስጥ ቆማ የረዳችኝ እናቴ ናት። ጊዜው ሲደርስ «ላጥፋው፣ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ እጄን አነሳሁላት። ስድስቱም አሁን ቀጥ ብለው ይበራሉ፤ ለመዝገብዎ ይያዝልኝ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም። በወረቀቱ ላይ ግብረ አበር የተባለው እኔ ነኝ። ንዋይ በመጀመሪያ ሲጠራኝ ሰምቼው ነበር። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ስለነበረ ይቆይ አልኩ። ሁለተኛውንም ሰምቼዋለሁ። ገና ሲጠራኝ ባጠፋው ኖሮ አይጮኽም ነበር፤ ባይጮኽ ደግሞ ጥበቃው በእግረኛው መንገድ አልፎ ይሄድ ነበር። ይህን ለአራት ወር ለማንም አልተናገርኩም፤ የራሴን ጥፋት ሸፍኜ የወንድሜን ስም ማጥራት ስላልቻልኩ ባለፈው እሁድ ለወላጆቼ ነገርኳቸው። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ወጥቶ አምስተኛው መብራት አጠገብ ብዙ ቆየና ሲመለስ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ጻፈው።»

እነሆ ጻፍኩት። ጉዳዩን የያዘው ዐቃቤ ሕግ ጥበቃው ይከሰስ አይከሰስ የሚለውን ለመወሰን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው ትርጉም የእርስዎ ብቻ ነው። የምለምንዎት አንድ መስመር ነው፦ «ሟቹ ወንድሙን የጠየቀው መብራቱን እንዲያጠፋለት ነበር።» እንደዚያኛው አድርገው ይፈርሙበት።

የቅዳሜ ትምህርትዎን ያልረሳሁ፣ ለሥልጣንዎ የምሰግድ፣ በማኅበሩ ሣር ላይ ላለመርገጥ የምጠነቀቅ፣ እጄንም በታዘዝኩ ጊዜ የማነሳ ትሑት ተማሪዎ፣

ኤቢ፣ የንዋይ ወንድም

ማስታወሻ፦ እኔ ለወላጆቼ «አጠፋሁ» ብያቸዋለሁ። ከማኅበሩም ይህንኑ ቃል በብዙ ቁጥር እጠብቃለሁ፤ «አጠፋን»። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት እንዳይቸገሩ፣ በእኔ አማርኛ በደልን ማለት ነው፤ በእርስዎ አማርኛ ገደልን ማለት ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ትርጉሙ ትክክል ስለሚሆን ያለ ስጋት ይፈርሙ።