ያለቀስንለት ሰው

ይድረስ ዲላ ከተማ ለምትኖሪው ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤

የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ሰውአገኝስ፣ ልጅሽ ህሩይስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ እንዴት ነው? ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል ብለሽኝ ነበር፤ ጣሪያችሁ አሁንም ያፈስሳል ወይ? እኛ ከእናታችን ጀምሮ ደኅና ነን፤ ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነን የምልሽ ግን ስለ ሥጋችን ነው። እኔ በልቤ ደኅና አይደለሁም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ብዬ ስንት ጊዜ ደወልሁ። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይያዝብኛል፤ ስለ ሽንኩርት መወደድ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ባለፈው እንኳ "ምነው ወንድሜ፣ የደበቅኸኝ ነገር አለ?" ብትይኝ የለም ብዬ ዋሸሁሽ። ወረቀት ፊት የለውም፤ ስለዚህ በወረቀት ልናገረው። የላክሁልሽ ፎቶ የአባታችን አይደለም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ አንድ አዳራሽ የመዝገብ ቤት ሰዎች የድሮ ፎቶ ለሕዝብ አሳይተው ነበር። በየመጋዘኑ አይጥ ሲበላው ከኖረው የተረፈውን አጽድተው ሰሌዳ ላይ ለጥፈውታል፤ በብዙው ሥር "ስሙ ያልታወቀ" የሚል ተጽፏል። ሐሳባቸው ሸጋ ነው። ፎቶው የሕዝብ ነው፤ ሰው መጥቶ ዘመዱን ይለይ፣ ስሙን ያስመዝግብ፣ ቅጂውንም በነፃ ይውሰድ ይላሉ። እኔ ከጎረቤታችን ከአያ የሻው ጋር ስናልፍ ከፀሐዩ ልንጠለል ብለን ገባን። ምነው እግሬን በሰበረው!

አንድ ወጣት ሰው ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ፊደል ይማራሉ። ከሥሩ "ደባርቅ፣ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ፣ 1977 ዓ.ም." ይላል። ፎቶውን የምታስጎበኘው ፀደይ የምትባል ልጅ የጣቢያው አስተማሪዎች ብዙዎቹ በጦርነቱ እንዳለቁ ነገረችን። አባታችን ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ ብሎ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ አንቺ በእናታችን ማህፀን ነበርሽ። ከዚያ ወዲያ የሰው አፍ ምን ሲለን እንደኖረ ታውቂያለሽ። ሌላ አግብቶ ነው፣ ጥሏችሁ ነው፣ ሲሉን እኔ አንገቴን ደፍቼ አደግሁ። ያ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ግንባሩም የአንቺን ግንባር መሰለኝ። አባታችን ፊደል ያውቅ እንደነበር ትዝ አለኝ። ጥሎን ሄደ ከሚባል ሲያስተምር ሞተ ቢባል፣ እህቴ፣ ማን ይጠላል? "አባዬ!" ብዬ ጮኽሁ።

ያገራችንን ሰው ታውቂው የለም? አንዱ ካለቀሰ ሌላው ለምን አይልም። አያ የሻው ጋቢውን አዘቅዝቆ አብሮኝ አለቀሰ፤ የማላውቃቸው ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ደንቡ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ይላል፤ የሚያለቅስን ሰው ግን ማን ደፍሮ ምስክር አምጣ ይለዋል? ፀደይ እንባዋን እየጠረገች መዘገበች፤ አያ የሻውና አንዲት ሴትዮ ፈረሙ። አያ የሻው እኮ አባታችንን በዓይኑ አይቶት አያውቅም!

ቅጂውን ይዤ ስወጣ ልቤ እሱ ባይሆንስ ብሎኝ ነበር። ዝም በል አልሁት። ከዚያ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ድንኳን ተጣለ፣ አልቃሽ መጣች፣ ፍትሐት ተደረገ፣ እናታችን ጥቁር ለበሰች። አንቺም የላክሁልሽን አስተልቀሽ ሰቅለሽ ህሩይ በየማለዳው አያቴ እያለ እንደሚስመው ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ከፋሲካ በኋላ ፎቶዎቹን በየወረዳው እያዞሩ አሳዩ። አዲ አርቃይ በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ሰሌዳው ፊት ቆመው የራሳቸውን ፊት አዩ፤ ከሥሩ በአባታችን ስም "ሟች አቶ ሀብተሥላሴ" ይላል። ሰውየው አያ ወልደኢየሱስ ይባላሉ። በአውቶቡስ ተሳፍረው ጎንደር ድረስ መጡ፤ መዝገብ ቤቱም እኔን ጠራኝ። ስገባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግንባሩ ያው ግንባር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"ምነው ልጄ፣ ሳልሞት ቀበርኸኝ?" አሉኝና ሳቁ። "ለመሆኑ ልቅሶዬ ሸጋ ነበር? ሰው መጥቶልኛል?" ሲሉኝ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ካነሡኝ በኋላ ግን ሳቃቸውን ተውት። ፎቶው ይሁንላችሁ፣ ስሜን ግን መልሱልኝ፤ ያስተማርኋቸው ሴቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ እነሱ ሞቷል ሲሉ እንዳይሰነብቱ፣ አሉኝ። አባታችንን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ስሙንም ሰምተው አያውቁም።

ፀደይን ያንን ጽሑፍ ቅደጅልኝ ብዬ ለመንኋት። በትሕትና እንቢ አለችኝ፤ መዝገብ ቤት ስሕተቱንም አይቀድድም፣ ያርመዋል እንጂ፣ አለችኝ። አሁን በሰውየው ስም ሥር "ቀድሞ በአቶ አድማሴ ሀብተሥላሴ ጠቋሚነት አባታቸው ናቸው ተብሎ ነበር፤ ስሕተት ነው" የሚል ተጽፏል። የገባ ሁሉ ያነበዋል። አያ የሻው እንኳ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀምሯል።

ለእናታችን ተንበርክኬ ነገርኋት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "ፊቱ ጠፍቶኛል ልጄ" አለችኝ። "ከጠፋኝ ቆይቷል። አንተ ስታለቅስ አላስታውሰውም ማለት አፈርሁ። የባሏን መልክ የረሳች ከምባል ብዬ አብሬህ አለቀስሁ።" ጥቁሩን ልብስ ታውልቀው ወይስ ለብሳው ትቆይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሁንም ለብሳዋለች።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ትናንት ነው። ፀደይ ጠርታኝ፣ ገና ያልታዩ ብዙ ፎቶዎች አሉ፤ የአባትህን መልክ ንገረኝና እኔ እፈልግልሃለሁ፣ አለችኝ። ብዕሯን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አፌን ከፈትሁ። አንቺ ልጅ ሳለሽ አባዬ ምን ይመስል ነበር ስትይኝ ረጅም ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል እልሽ የለም? ሁሉንም ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ እያለቀስሽ ብትጠይቂኝ ነው። እኔን ወደ ገበያ በትከሻው ተሸክሞ ይወስደኝ ነበር። ከላይ ሆኜ ያየሁት ፀጉሩንና ጆሮውን ነው። ፊቱን አላውቀውም። ይህንኑ ነገርኋት፤ እሷም ብዕሯን አስቀመጠች።

ይቅር በይኝ፤ ለመናደድም ጊዜ ውሰጂ። እናታችን ዓይንሽን ስማልሻለች። ባለቤቴ አምሳል እጅ ነሥታሻለች፤ ልጆቹም ሰላም ብለውሻል። ለሰውአገኝ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሐዘናችንን ብሎ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶልን ነበርና እሱንም እንዳሳፈርሁት ንገሪው። ህሩይን ግን ምንም አትበይው፤ ፎቶውንም አንቺ አታውርጂው። ክረምቱ ሲወጣ እኔ መጥቼ እፊቱ አወርደዋለሁ፤ የዋሸው አጎትህ ነው ብዬም ራሴ እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ አድማሴ
ጎንደር፣ ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.